የቀለም ቀመሱ ጫማ

ባለፈው ሳምንት ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ስር፣ አንድ ሊስትሮ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ሲከፍት የምሄድበትን ረስቼ ቆምኩ። ያደረግኩት ሸራ ስለነበር የሚጠረግ ነገር አልነበረኝም። ሽታው ነው የያዘኝ። ሌላው ሰው ሽታ የሚያስታውሰው በአፍንጫው ነው፤ እኔ ግን ወዲያው ምላሴ ላይ መጣብኝ፣ ያ ምሬት፣ ያ ላምባ ላምባ የሚል ነገር። እኔ የጫማ ቀለም ቀምሼ አውቃለሁ። በስህተት እንዳይመስላችሁ። አስቤበት፣ ቢስሚላህ ብዬ ነው የቀመስኩት።

ልጁ «እህቴ፣ ሸራም እናጥባለን» ሲለኝ ብቻዬን ስቄ አለፍኩ። ያበደች መስዬው ይሆናል።

ያኔ የምንኖረው ገርጂ ነበር። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው መሆኑ ነው። ዛሬ ገርጂን የሚያውቅ ሰው የዚያን ጊዜውን ጭቃ ብነግረው አያምነኝም። ክረምት ሲገባ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ሰው ይውጣል ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቦቲ አጥልቆ፣ ደህናውን ጫማ በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣና አስፋልቱ ዳር ያለችው የእትዬ ከዲጃ ሱቅ ሲደርስ ይቀይራል። ቦቲው ሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ ይውላል። ማታ ሲመለሱ የራስን ቦቲ ማግኘት ግን የዕድል ጉዳይ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ሁለት የግራ ቦቲ አድርጋ መጥታ፣ ሳምንቱን ሙሉ የቀኙን ባለቤት ስታፈላልግ ነበር።

አባዬ፣ የእናቴ አባት፣ ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው መርካቶ ጫማ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እግራቸው ሲደክም ሱቁን ትተው ቤት ዋሉ እንጂ ጫማውን አልተዉም። በረንዳው ላይ በርጩማቸው አለች፣ ከጎናቸው የብሩሽና የጨርቅ ሣጥናቸው፣ ከፊታቸው ደግሞ ሁልጊዜ የሰው ጫማ። ገንዘብ አይቀበሉም። ይልቅ ችግሩ ሰውን አለመጠየቃቸው ነበር። በደጃችን የሚያልፈውን ጎረቤት ጠርተው «ና እስቲ፣ ያን ጫማ አውልቀው፣ እንዲህ ይደረጋል?» ይሉታል። ሰውዬው በካልሲ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጫማውን ከሦስት ቀን በኋላ ሲያገኘው ግን የራሱ መሆኑን ይጠራጠራል፤ እውነቴን ነው።

ክረምቱ ትምህርት ስለተዘጋ ረዳታቸው እኔ ነበርኩ። ጫማ ውስጥ ጋዜጣ መጠቅጠቅ የእኔ ሥራ ነው። እርጥብ ጫማ ፀሐይ ላይ ማውጣት በቤታችን ትልቅ ነውር ነበር። ጥላ ላይ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ከዚያ ጭቃው በደረቅ ብሩሽ ይረግፋል፣ ነጭ የውሃ ምልክት ካለው አቼቶ በነካ ጨርቅ ይታሻል፣ የተሰነጠቀው በሰም ይደፈናል። ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱን ደግሞ አባዬ ለማንም አያስነኩም። በጣታቸው ቀብተው «ቆዳ እንደ ሕፃን ነው፣ በአንዴ አታጉርሺው» ይሉኛል።

አባዬ ጫማ አይቼ ባለቤቱን አውቃለሁ ይሉ ነበር። ሥራውን፣ ጠባዩን፣ ሚስቱ እንዴት እንደያዘችው ጭምር። ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። አንድ ጊዜ የአንድ ጎረቤታችንን ጫማ ገልብጠው አይተው «ወታደር ነበር» አሉ። እናቴ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ልብስ ሰፊ እንደሆነ ብትነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ወታደር መሆን ነበረበት» አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያሸንፋል?

እንግዲህ በዚያ ክረምት የቤታችን ጭንቀት አንድ ነበር፤ የአክስቴ የዘሀራ ነገር። ዘሀራ የእናቴ ታናሽ ናት። ሲኤምሲ በኩል ካለ አንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች፤ እዚያው የሚያስተምር ኑረዲን የሚባል መምህር ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ቤት ደርሷል። ዘሀራ እሱን ካላገባሁ ብላ ልቧ ቆርጧል። አባዬ ደግሞ አልፈለጉም። እሳቸው የሚፈልጉት ነጋዴ ነው፣ ወይም እጁ ሥራ የያዘ ሰው።

ይህን የሰማሁት በረንዳው ላይ ጋዜጣ እየጠቀጠቅኩ ነው። እናቴ ስለ ዘሀራ ልትለማመጥ ገብታ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡም ደህና የስልጤ ሰዎች ናቸው፣ ደግሞም ቀለም ቀመስ ነው እያለች ስታወድስ አባዬ አቋረጧት።

«እሱ እኮ ነው ችግሩ። ቀለም ቀመስ ለልጄ ምን ያደርግላታል? ቀለም ሆድ አይሞላም።»

እኔ እጄ ላይ ያለውን ጋዜጣ ጣልኩት። ፍረዱኝ እስቲ፤ በዚያን ጊዜ እኔ የማውቀው ቀለም አንድ ነው፣ ከአባዬ ሣጥን ውስጥ በቆርቆሮ ያለው። ሁለተኛ ክፍልን ገና የጨረስኩ ልጅ፣ መማርን ቀለም እንደሚሉት ማን ነግሮኝ? አክስቴ የጫማ ቀለም የሚበላ ሰው ወዳለች ማለት ነው። አባዬ እውነታቸውን ነው ብዬ በጣም አዘንኩላቸው። የባሰው ግን ማታ ዘሀራን ቀስ ብዬ «ቀለም ቀመስ መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ?» ብዬ ስጠይቃት፣ አይኗ በርቶ «የወደድኩትስ ለዚያ አይደል ፈቱዬ» ማለቷ ነው።

እንደዚህ ከሆነ ነገሩ አንድ ጣዕም ይኖረዋል አልኩ። በማግስቱ አባዬ ለሶላት ሲነሱ ቆርቆሮውን ከፍቼ በጣቴ ጫፍ አነሳሁና ቢስሚላህ ብዬ ላስኩት።

እሱን አላወራም። እናቴ ቡናማ ምላሴን ስታይ ጮኸች፤ ወተት አጠጣችኝ፣ ሆዴ እንዲረጋ ብላ ትልቅ ዳቦ አጎረሰችኝ። ለምን እንደበላሁ ብትጠይቀኝ ዝም አልኩ፤ የአክስቴን ገመና እንዴት አውጥቼ እናገራለሁ? እነሱም ተመካክረው ወስፋት ነው አሉና የወስፋት መድኃኒት ሰጡኝ። ሆዴን ሲቆርጠኝ ዋለ። ዳቦው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ረድቶኛል።

ከዚያ በኋላ ግን ለመምህሩም አዘንኩለት። ያን ነገር በየቀኑ የሚበላ ሰው እንዴት ይኖራል?

አንድ ቀን ዘሀራ እትዬ ከዲጃ ሱቅ ድረስ አብሬያት እንድሄድ ወሰደችኝ። ከሱቁ ጥላ ስር ረዥም ቀጭን ሰው ቦቲ አድርጎ ቆሟል። ሰላም ሲላት ሊያያት አፍሮ የሚያየው እኔን ነበር። ፌስታል ሰጣትና ሄደ። መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ፌስታሉ ውስጥ የኑረዲን ጫማ እንዳለ፣ ሽማግሌ ልኮ ኋላ ሲቀርብ አባዬ መጀመሪያ የሚያዩት እግሩን ስለሆነ መታደስ እንዳለበት፣ እሳቸው ግን የማን እንደሆነ ቢያውቁ እንደማይነኩት ነገረችኝ። ለእሳቸው የጓደኛዬ ወንድም ጫማ ነው ልትላቸው ነው። ትንፍሽ እንደማልል አስማለችኝ። ማልኩ።

በረንዳው ላይ ጫማው ሲወጣ አባዬ «ኢና ሊላህ» አሉ፣ ሰው እንደሞተ። በአንድ ወቅት ቡናማ የነበረ ጫማ ነው። አፍንጫው ገርጥቷል፣ ጎኑ ተሰነጣጥቋል፣ ቀለም የሚባል ነገር ከላዩ ጠፍቷል። እኔ ብቻ ነበርኩ ምክንያቱን የማውቀው። ልሶት ነው። ከአፍንጫው ጀምሮ እስከ ተረከዙ ልሶ ጨርሶታል። ምስኪን።

አባዬ ግን ገልብጠው፣ አሸትተው፣ በጥፍራቸው ስፌቱን ቧጠጡት። ከስፌቱ ውስጥ ነጭ ዱቄት ረገፈ። በጣታቸው አሹት፣ ፊታቸው በራ።

«ዳቦ ጋጋሪ ነው» አሉ። «ይኸው ዱቄቱ። ሶሉን እይው፣ እኩል ነው ያለቀው፣ ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ይሄ ሰው ሌላው ተኝቶ ሳለ ተነስቶ ሊጥ ይደበድባል።»

ዘሀራ ከኋላቸው ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ወዲያ አባዬ ከዚያ ጫማ ጋር ፍቅር ያዛቸው ማለት ይቻላል። ለሌላ ሰው ሦስት ቀን የሚበቃው ለዳቦ ጋጋሪው ሁለት ሳምንት ፈጀ። አሮጌውን ሰምና ቆሻሻ አወጡለት፣ በዘይት አራሱት፣ ስንጥቁን ደፈኑት፣ የተበላውን ታኮ በአዲስ ለወጡት። ለቀለሙ ቡናማና ጥቁር ደባልቀው የራሳቸውን ሠሩ፤ «የተምር ቀለም» ይሉታል፣ ከእሳቸው በቀር የሚሠራው የለም። ሲያሹት የማያውቁትን ሰው ያመሰግናሉ። ምን ዓይነት ትጉ ሰው ነው፣ ለራሱ ጫማ ጊዜ የለውም፣ ሰው ሲያበላ ይውላል። እኔ ደግሞ የቀባነውን ሁሉ መልሶ እንደሚልሰው እያወቅኩ ዝም ብዬ ክር አስገባለሁ። ለሳቸው ድካም አንጀቴ ይቃጠላል።

መጨረሻ ቀን ጫማውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና ዘሀራ ሻይ ይዛ ስትመጣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ተናገሩ።

«እንዲህ ያለ ሰው ሽማግሌ ቢልክብኝ ቀጠሮም አልሰጥም። እዚያው ነበር እሺ የምለው።»

ዘሀራ ሻዩን አስቀመጠች። «ቃልዎ ነው አባዬ?»

«ለዳቦ ጋጋሪው? ቃሌ ነው።»

እንግዲህ ቃሉ ጫማው ላይ ወጣ፣ ጫማውም በፌስታል ሆኖ ሄደ። ዘሀራ ያን ሰሞን አንዴ ትስቃለች አንዴ ታለቅሳለች። አባቷ ቃል የሰጡት ለሌለ ሰው ነው። እውነቱን ብትነግራቸው አታላለችኝ ብለው ጭራሽ ይከፋሉ። ባትነግራቸው ደግሞ መምህሩን አይቀበሉትም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናቡ ጥቂት ቀን ጋብ ባለበት በአንድ እሑድ ረፋድ ነው። ሦስት ናቸው፤ ዋናው የኑረዲን አጎት ሐጂ ከድር የሚባሉ ወፍራም ሰው ነበሩ። ግቢያችን ሲገቡ እሾህ ላይ እንደሚሄድ ሰው እያነከሱ ነበር። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ «አልሐምዱሊላህ» ያሉት ከልባቸው ነው።

እናቴ ትልቅ ዳቦ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ሸፍናዋለች። እኔ ከጧት ጀምሮ ዓይኔ እሱ ላይ ነው። እናቴ ግን ለሽማግሌ መልስ ሳይሰጥ እህል እንደማይቀመስ፣ አባዬ እሺ ካሉ ብቻ ዳቦው እንደሚቆረስ፣ እምቢ ካሉ ሰዎቹ ውሃም ሳይጠጡ እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ስለዚህ የእኔም ሆድ በአባዬ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘሀራ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ ናት።

በቤታችን ደንብ የእንግዳ ጫማ ሲመጣ ከነበረው ይልቅ ጸድቶ መሄድ አለበት። ጨርቄን ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥቁር ነው፣ ጠረግኩት። ሁለተኛውም ጥቁር። ሦስተኛውን ሳነሳ እጄ ላይ ቀረ። ሶሉ ጭቃ ነክቶታል፤ ከላይ ግን ያበራል። የተምር ቀለም። ክሩን ያስገባሁት ራሴ ነኝ፣ አንዱን ቀዳዳ ዘልዬው ነበር፤ እሱም እንደዘለልኩት አለ።

ከውስጥ የሐጂ ከድር ድምፅ ይሰማል። ልጃችን ምግባሩ እንዲህ ነው፣ ዘሩ እንዲህ ነው ሲሉ ቆዩና «ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀመስ ነው» አሉ። ወይኔ አልኩ በልቤ፤ እንዴት ራሳቸው ይናገሩታል? አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጉሮሮ መጥረግ አውቀዋለሁ፣ ከእምቢታ በፊት ነው የሚመጣው። ስለመጣችሁልን እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ቀለም ቀመስ ለእኛ ቤት… እያሉ ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ጫማውን አየሁት። አፍንጫው፣ ጎኑ፣ ተረከዙ፣ ሁሉም ጋ ቀለሙ እንዳለ አለ። አንድ ቦታ አልተነካም። የምሰጠውን ምስክርነት ያወቅኩት ያኔ ነው። የማልኩት የማን ጫማ እንደሆነ እንዳልናገር ነው እንጂ ስለ ሌላው አልማልኩም። ጫማውን አንስቼ ሽማግሌዎቹ መሀል ገባሁ።

«አባዬ፣ ትቷል» አልኩ። «ይኸው ይዩት፣ ቀለሙን አልቀመሰውም። ጨርሶ አልላሰውም።»

እናቴ ጫማ ከነጭቃው ወደ ሰው መሀል መግባቱን አይታ ግድግዳውን ተደገፈች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሐጂ ከድር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ምን እንደሚያስቅ አልገባኝም፤ አባዬን ብቻ ነበር የማየው። እሳቸው አልሳቁም። ጫማውን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ አዞሩት። በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን የደፈኑበትን ቦታ ዳሰሱት።

«ይሄ የዳቦ ጋጋሪው ነው» አሉ።

ሐጂ ከድር ግራ ገባቸው። በዘራቸው ዳቦ ጋጋሪ እንደሌለ ተናገሩ። ከዚያ አፈር ብለው እውነቱን አወጡት፤ ጫማው የልጁ የኑረዲን ነው። እስከ ሱቁ ድረስ ሊሸኛቸው አምሮበት መጥቶ ነበር፤ የሳቸውን ጫማ ግን ጭቃው ሶሉን ጎርሶ አስቀረው። ሽማግሌ በባዶ እግሩም ሆነ በተውሶ ቦቲ ሰው ቤት አይገባም ብሎ የራሱን አውልቆ አጠለቀላቸው። ደግሞ ጠቧቸው ሊሞቱ ነው።

አባዬ ጫማውን ገልብጠው ስፌቱን እንደገና በጥፍራቸው ቧጠጡት። «ዱቄቱስ?» አሉ፣ ለማን እንደሚሉ ሳይታወቅ።

ከመጋረጃው ኋላ የዘሀራ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ጠመኔ ነው አባዬ።»

አባዬ ወደ መጋረጃው አላዩም። ነጩን ዱቄት ያሹበትን ጣታቸውን ግን አዩት፣ አሁንም እዚያ ያለ ይመስል። ቆሞ የሚውል ሰው ብለው ነበር፤ እሱን አልተሳሳቱም። ሰው የሚያበላ ብለውም ነበር። እሱን ምን እንዳደረጉት እንጃ፤ ፊታቸው ላይ ግን ሲያገላብጡት አየሁ።

«ታዲያ አሁን እሱ እግሩ ላይ ምን አድርጎ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ከሱቁ ደጃፍ የሰው ቦቲ ተውሶ ቆሞ እንደሚጠብቃቸው ሐጂ ከድር ነገሯቸው። አባዬ ወደ እኔ ዞረው «ሂጂ ጥሪው» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ልጁ በዚያ ቀን ይጠራል ተብሎ አልታሰበም።

እየሮጥኩ ሄድኩ። እኔን ሲያይ መርዶ የመጣ መስሎት ፊቱ ነጣ። መንገዱን ሙሉ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል ሁሉ ይደናቀፋል። በሩ ላይ ቦቲውን ሲያወልቅ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ሁለቱም የግራ ነበሩ። አባዬ ከተቀመጡበት ሆነው ቦቲውን አዩት፣ ስለ ባለቤቱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

ኑረዲን በካልሲ ገብቶ ከምንጣፉ ጫፍ ቆመ። አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ በሌላው እግሩ ሊሸፍነው ይታገላል። አባዬ ከእግር እስከ ራሱ ለኩት። ለዳቦ ጋጋሪ በጣም ከሲታ ነው ማለታቸው ያስታውቅባቸዋል። ጫማውን ምንጣፉ ላይ፣ ፊቱ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡለት። ከዚያ እናቴን አይተው በዓይናቸው ጠረጴዛውን ጠቆሙ። እናቴ ጨርቁን ከዳቦው ላይ አነሳች።

«ቀለሙን ቀምሰሃል ይላሉ» አሉት አባዬ። «በል እንግዲህ፣ ቁጭ በልና እህል ቅመስ።»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ተሰበረ፣ ብርጭቆ ይመስለኛል። ሽማግሌዎቹ ተነስተው አባዬን መሳም ጀመሩ፣ እናቴ አለቀሰች። ኑረዲን ቁጭ በል የተባለውን ረስቶ እዚያው ቆሞ ቀረ። ትልልቆቹ ሁሉ ምን እንደተባለ ገብቷቸዋል።

እኔም ገብቶኛል። ያን ነገር ከቀመሱ በኋላ ሆድ እንዴት እንደሚቆርጥ በዚያ ቤት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ዳቦው ተቆርሶ ሲዞር ማንንም ሳልጠይቅ ትልቁን ቁራሽ አንስቼ ለእሱ ሰጠሁትና፣ ይረዳዋል ብዬ፣ እስኪጨርስ ከፊቱ አልተነሳሁም።